ጠጅ አሳላፊነት ውርደት ነውን?

በአንድ የጥር ወር በቡሬ ከተማ ከሰርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ሳለን፣ አጠገቤ የነበሩት የተከበሩ ሽማግሌ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ሰማሁ። ጠያቂው «ትልቁ ልጅዎ ዛሬ በምን ሥራ ላይ ነው?» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አዲስ አበባ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ይዞ ይሠራል» ብለው መለሱ፤ ወዲያውም ስለ ዘንድሮ የበቆሎ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ልጁ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት እኔ አውቀዋለሁ። ትልቅ ሆቴል ነው። የልጁም ሥራ ለሆቴሉ የወይን ጠጅ መምረጥ፣ ጓዳውን መጠበቅ፣ ለእንግዳም ከሚበላው ምግብ ጋር የሚስማማውን አስረድቶ ማሳለፍ ነው። ፈረንጆች ይህን ሙያ ሶምሊየር ይሉታል። ልጁ ወኅኒ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ እኒህ አባት ከዚህ የበለጠ ይሸሽጉት ነበር ብዬ አላምንም።

ያን ዕለት ከዳሱ ወጥቼ ስሄድ የተሰማኝ ቁጣ በሽማግሌው ላይ ነበር። ቤቴ ከደረስሁ በኋላ ግን ቁጣው ወደ ራሴ ተመለሰ። ልጁ ተማሪዬ ነበርና። ሰነፍ ተማሪ በገጠመኝ ቍጥር «ጠንክረህ ካልተማርህ ሆቴል ቤት ገብተህ መጠጥ ስትቀዳ ትኖራለህ» እያልሁ ማስፈራራት ልማዴ ነበር፤ ክፍሉም ይስቅ ነበር። ይህን የምል እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ በዘመኔ ያስተማሩ ብዙዎች እንዲሁ ይሉ ነበር። አባትዮው የሚያፍሩትን እፍረት ያስተማርነው እኛ ነን። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሽማግሌው ላይ ብቻ አይደለም፤ ጠመኔ ይዞ በሰሌዳ ፊት ይቆም በነበረው በዚያ መምህር ላይም ጭምር ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። እኔ መጠጥ አልቀምስም። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ያስተማሩኝም ሰዎች ከብርሌና ከጠርሙስ መራቅን ከፊደል ጋር አብረው አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ ያን ትምህርት አልጣልሁትም፤ ወደፊትም የምጥለው አይመስለኝም። ስለዚህ «ይህ ሰው በእርጅናው ለመጠጥ ጠበቃ ቆመ» የሚለኝ ቢኖር ተሳስቷል። እኔ የቆምሁት ለሙያው ነው። በቅሎ አልጋልብም ብዬ ኮርቻ ሠሪውን ልሰድብ አይገባኝም።

እነዚያው የሚሲዮን መምህሮቼ ያስነበቡኝ መጽሐፍ ራሱ ስለዚህ ነገር ምን ይመሰክራል? የኢየሩሳሌምን ቅጥር ያሠራው ነህምያ፣ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት በሱሳ ግንብ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ይህንንም ሳያፍር ራሱ ይናገራል። ለአገሩ ሲለምን ልመናው የተሰማለት፣ ንጉሡ ሕይወቱን በእጁ ያኖረለት የታመነ ሰው ስለ ነበረ ነው። በግብፅም ስለ ዮሴፍ በፈርዖን ፊት የተናገረለት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ነው፤ ምንም እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶት ቢቆይ። በቃና ሰርግ ደግሞ መልካሙን ከተራው የለየው፣ መጠጡ ከወዴት እንደ መጣ ሳይነገረው በጣዕሙ ብቻ የመሰከረው የድግሱ አሳዳሪ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ታላላቆቹ ሶምሊየሮች የሚፈተኑት ፈተና ከዚህ በምን ይለያል? ጠርሙሱ ይሸሸግባቸዋል፤ የየት አገር፣ ከምን ዓይነት ወይን የተሠራ፣ የስንት ዓመት እንደ ሆነ በአፍንጫቸውና በምላሳቸው ብቻ ይናገራሉ። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! አሳዳሪውን ግን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። በነገሥታቱና በመኳንንቱ አዳራሽ ጠጅ የሚያሳልፈው ሰው ከመጠጡ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ በጌታው ፊት ይቀምስ ነበር። ይህ ለወግ ብቻ አልነበረም፤ መርዝ ቢኖርበት አስቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነበርና። ለዚህም ሥራ የሚታጨው የታመነ ሰው እንጂ ከመንገድ የተለቀመ አልነበረም። ታዲያ የአሳላፊነት ክብር መቼ ጠፋ? እኔ እንደሚመስለኝ የጠፋው መጠጥ በገንዘብ መሸጥ በጀመረ ጊዜ፣ አሳላፊውም በአንድ ጌታ ፊት መቆሙን ትቶ ለማንም መንገደኛ መቆም በጀመረ ጊዜ ነው። ለንጉሥ የቀዳ ሹመኛ ተባለ፤ ለነጋዴ የቀዳ ግን አሽከር ተባለ። እጁ ያው እጅ፣ ብርሌውም ያው ብርሌ ነው። እንግዲህ እኛ የምናከብረውና የምንንቀው ሥራውን አልነበረም፤ የጠጪውን ማዕረግ ነው።

እቴጌ ጣይቱ እንኳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ፣ ለእንግዳ ምግብና መጠጥ ማቅረብ ንግሥትን ያዋርዳል አላሉም። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም፤ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ።

ሶምሊየር የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደ መጣ ለሚያፌዝ ሰው መንገር ደስ ይለኛል። በጥንቱ ፈረንሳይኛ የጭነት ከብት ነጂ ማለት ነበር። ነጂው በኋላ የጌታው ስንቅና ዕቃ ኃላፊ ሆነ፤ ቀጥሎም የመጠጥ ጓዳው አዛዥ ሆነ። አያቱ በቅሎ ጭኖ ዓባይን ይሻገር የነበረ የጎጃም ልጅ በዚህ ስም የሚያፍርበት ምክንያት አላይም። እኛም ብንሆን የሲራራ ነጋዴውን አለቃ ነጋድራስ ብለን ሾመነው ነበር።

አሁን ሥራው ምን እንደ ሆነ ልናገር፤ የሚንቁት ሰዎች ምን እንደሚንቁ አያውቁምና። ብዙው ሰው የሚመስለው ጠርሙስ ከፍቶ ብርጭቆ መሙላት ነው። ይህማ የሥራው መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሲራ፣ ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዓይነቶች ለይቶ ማወቅ አለ፤ ያ ወይን የበቀለበትን አፈር፣ የዘነበበትን ዝናብ፣ የተለቀመበትን ዓመት ማወቅ አለ። የቡሽ ክዳን ያለው ጠርሙስ ለምን ተጋድሞ እንደሚቀመጥ ማወቅ አለ፤ ቆሞ ከሰነበተ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል፤ መጠጡም ይበላሻል። ቀዩ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጊዜ፣ ነጩ ግን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይወጣል። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ጽሑፉ ለጋባዡ ይታያል፤ ጥቂት ተቀድቶለት እርሱ ከቀመሰና ከፈቀደ በኋላ ሌሎቹ ይስተናገዳሉ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ መዝገቡ አለ፤ ስንት ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ ስንት ቀረ፣ የትኛው አልሸጥ አለ የሚለው ነው። ሒሳብ የማያውቅ ሰው የጓዳውን ቁልፍ አንድ ወር አይዘውም።

ያ ተማሪዬ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ተምሮ ዲፕሎማ ይዞ ነበር። ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሲቆም ከረመ፤ በኋላም አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ ሆቴል ብርጭቆ አጣቢ ሆኖ ገባ። ብርጭቆ እያጠበ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ይሰበስብና ጽሑፋቸውን በደብተር ይገለብጥ ነበር፤ የማያውቀውንም ቃል ለሚያውቅ ሰው ያሳይ ነበር። ከዓመታት በኋላ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ የፈረንሳይን ካርታ በሰሌዳ ላይ የሳሉልን ዕለት ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉት ወንዞች ከቦርዶ በታች ተገናኝተው ዢሮንድ ይሆናሉ ብለውን ነበር። ያን ጊዜ ይህ ለቡሬ ልጅ ምን ያደርግለታል ብዬ በልቤ አምቼዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ እንጀራዬ በእነዚያ ወንዞች ዳር ነው የሚበቅለው።» እውነቱን ለመናገር እኔም ካርታውን ስስል ለምን እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር፤ መጽሐፉ ስላዘዘ ነበር የሳልሁት።

ይህ ሙያ በዓለም ላይ እንደ ሕክምናና እንደ ሕግ ትምህርት ቤትና ፈተና ያለው ሙያ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም. ለዚህ ሙያ ትልቅ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የማስተር ሶምሊየር ፈተና ተሰጠ፤ በለንደን ስለ ወይን ጠጅና ስለ ሌሎች መጠጦች የሚያስተምረው ደብሊው ኤስ ኢ ቲ የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ በፈረንሳይም በሬንስ ከተማ የዓለም ሶምሊየሮች ማኅበር ተመሠረተ። እኛስ ያን ጊዜ የት ነበርን? ተኝተን አልነበረም። በዚያው በ1969 በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተከፈተ፤ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለውም የሆቴል ሙያ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ሁላችንም ከአንድ መስመር ተነሣን ማለት ይቻላል። እነርሱ ከዚያ ወዲህ አራት ደረጃ ያለው ፈተና ሠርተው ማዕረግ ሰጡበት፤ የመጨረሻው ፈተና የቃል ጥያቄ፣ የማሳለፍ ሥራና ስድስት ዓይነት የወይን ጠጅ በ25 ደቂቃ ውስጥ ቀምሶ መለየት ነው። እኛ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ልጆቻችንን «መጠጥ ስትቀዳ ትኖራለህ» እያልን እናስፈራራ ነበር።

«ይህ ለፈረንጅ ልጅ ነው፤ ወይን ከሌለበት አገር የተወለደ ምን ያውቃል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከዚምባብዌ መጥቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. አራት ዚምባብዌያውያን አገራቸውን ወክለው ፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ በተደረገው የዓለም ውድድር ላይ ቀረቡ፤ ውድድሩም ጠርሙሱን ሳያዩ ቀምሶ መለየት ነው። አራቱም በችግር ምክንያት ከአገራቸው ወጥተው ደቡብ አፍሪካ የገቡ ስደተኞች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ጆሴፍ ዳፋና ድንበር ያቋረጠው ባቡር በጫነው ኮንቴይነር ውስጥ ተሸሽጎ ነው፤ ሥራ የጀመረውም በአንድ ምግብ ቤት አትክልት ኮትኳች ሆኖ ነው። በውድድሩ አላሸነፉም። ነገር ግን የወይን ጠጅ በማይታወቅበት ቤት ያደጉ ሰዎች ወይን በአጥራቸው ሥር ከሚበቅልላቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ታሪካቸውም በ2021 ብላይንድ አምቢሽን በሚባል ፊልም ለዓለም ታየ።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እገባለሁ፤ እርሱም ስካር ነው። አንድ የሃይማኖት ወንድሜ «ልጆችን ወደ መጠጥ ጓዳ የምትመራ አንተ ነህን?» ብሎ በብርቱ ወቅሶኛል። ወቀሳውን አልንቀውም። በየመንደራችን በካቲካላ የጠፋውን ቤት፣ የተሸጠውን በሬ፣ የተደበደበችውን ሚስት እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን ወንድሜ አንድ ነገር አላስተዋለም፤ ሰካራም ሶምሊየር ሊሆን ከቶ አይችልም። ይህ ሰው በሥራው ቀን ብዙ ዓይነት ቢቀምስ የቀመሰውን በዕቃ ይተፋዋል እንጂ አይውጠውም፤ ሁለት ብርጭቆ የዋጠ ምላስ ሦስተኛውን አይለይምና። ሚዛን የያዘ ሰው እህሉን እየቆረጠመ እንደማይመዝን ማለት ነው። ደግሞም እንግዳው ከልኩ ሲያልፍ «ጌታዬ፣ አሁን ውኃ ላምጣልዎት» የሚለው የተማረው ነው። ያልተማረው፣ በተሸጠው ጠርሙስ ቍጥር የሚከፈለው ሰው ግን የሰከረውንም ይደግመዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ይህን ሕግ በየጠረጴዛው የሚፈጽመው ፖሊስ ሳይሆን አሳላፊው ነው። እንግዲህ መጠጥን የምንፈራ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የተማረ አሳላፊ እንዲኖር መሻት ይገባናል። ራሱን መግዛት የማይችል፣ ጠረኑ የሚጠራው ልጅ ቢኖር ግን ከዚህ ሥራ ይሽሽ፤ ለእርሱ መቃብሩ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ውርደቱን በሥራው ላይ የሚያመጡ ሰዎች የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ እነርሱም ጥቂት አይደሉም። ያ ተማሪዬ መጀመሪያ በገባበት ሆቴል ስምንት ወር ሲሠራ ደመወዝ የሚባል አላየም፤ «ጉርሻህ ደመወዝህ ነው» ይባል ነበር። የተሰበረው ብርጭቆ ግን ይታሰብበት ነበር! ሰውን በጉርሻ ብቻ የሚያሠራ ባለ ሆቴል ሠራተኛውን ለማኝ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ «የአበሻ አስተናጋጅ ሥራ አይወድም» ብሎ ሲያማ እሰማዋለሁ። ምሳ ያልበላ ሰው ለሌላው ምግብ የሚስማማውን ወይን እንዴት አድርጎ ይምረጥ?

በሴቶቹ ላይ የሚደረገው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በአገራችን ጠጅ የመጣል ጥበብ የሴቶች ጥበብ ነው። የማሩን ዓይነት፣ የጌሾውን መጠን፣ የጋኑን እጥነት ከእናቷ የተማረች ሴት በሌላው አገር ብትሆን ኖሮ ሊቅ ትባል ነበር። እኛ ግን ኮማሪት አልናት፤ ኮማሪት የሚለውንም ቃል ስድብ አደረግነው። ዛሬ ደግሞ ባለ መሸታ ቤቱ ወጣቲቱን የሚቀጥራት ለዕውቀቷ ሳይሆን ለመልኳ ነው፤ እንግዳውም የከፈለው ለመጠጡ ብቻ አይመስለውም። ልጃቸው በዚህ ሥራ እንዳትገባ የሚፈሩትን እናቶች እኔ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው እጁን በማይሰበስበው እንግዳና ዓይኑን ጨፍኖ ገንዘቡን በሚቆጥረው ባለ ቤት ላይ ነው። ሙያዋን ተምራ የምስክር ወረቀቷን ይዛ የምትቆም ሴት «እኔ የዚህ ጓዳ ኃላፊ ነኝ» ለማለት መሬት ይኖራታል፤ ያለ ትምህርት የቆመችው ግን የምትቆምበት መሬት የላትም።

እናንተም ወጣቶች ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። ብዙዎቻችሁ ወደ ሆቴል ሥራ የምትገቡት «ሌላ እስካገኝ ድረስ» እያላችሁ ነው። ሌላው አይመጣም፤ እናንተም ያላችሁበትን ሳትማሩ አምስት ዓመት ያልፋል። ከእናንተ አንዱን በፍኖተ ሰላም አንድ ቤት አግኝቼ «ይህ ጉደር የሚሉት ወይን ጠጅ ከአክሱማይት በምን ይለያል?» ብዬ ጠየቅሁት። «አንዱ ይጣፍጣል» አለኝ። ሁለቱም የአዋሽ ፋብሪካ ሥራዎች እንደ ሆኑ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን በእጁ ሲከፍታቸው ኖሯል። በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ድርጅት የቦርዶን ወይን ተክሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉትን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቷል። ከአገራችን አፈር ስለ በቀለው ስለዚያ ወይን የሚያስረዳ ልጅ በየሆቴሉ ብፈልግ የማገኘው ስንቱን ነው?

ሥራው እንዴት ይገኛል ለሚለኝ የማውቀውን ያህል እነግረዋለሁ። በቡሬ ተቀምጦ ሶምሊየር ልሁን ማለት አይቻልም። ቡሬ የባሕር ዳርና የነቀምት መንገዶች መገናኛ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ እንግዳ ይበዛል፣ ሆቴሉም ያድጋል ብለን ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የደረሰው ጦርነት ግን መንገዱን ዘጋ፣ እንግዳውን አስቀረ፣ ትምህርት ቤቱንም ዘጋ። ስለዚህ የሚጀመረው ከሌላ ቦታ ነው፤ የሚዘጋጁት ግን እዚሁ ነው። እንግሊዝኛን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ፈተናዎቹ በእርሱ ናቸውና። ጂኦግራፊና ኬሚስትሪ አይጣሉ፤ ስኳር በእርሾ ወደ አልኮል እንዴት እንደሚለወጥ ያልገባው ሰው ጠጅንም ወይንንም አያውቅም። ከዚያ በሙያ ትምህርት ቤት በምግብና መጠጥ መስተንግዶ ሠልጥኖ ከትልቅ ሆቴል ዝቅተኛው ቦታ መግባት ነው። ብርጭቆ ማጠብ ቢሆንም ይሁን፤ ንጹሕ ብርጭቆ የሥራው መጀመሪያ ነው። ቀጥሎ ደብሊው ኤስ ኢ ቲ ካሉት አራት ደረጃዎች የመጀመሪያውን መውሰድ ይቻላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሚታሰብ ለእኛ ልጅ ከባድ ነው፤ ተማሪዬ ለዚያ ሁለት ዓመት ቆጥቧል። ደመወዙ በፍጥነት አያድግም። አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ላይ ነው ሰው መሆን የሚጀመረው፤ ከዚያ በፊት ለወላጅ ገንዘብ እልካለሁ ብሎ ቃል የገባ ይዋረዳል፤ አስቀድሞ እውነቱን መናገር ይሻላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ነው። ፈረንጁ ስለ ወይኑ ይህን ያህል መጽሐፍ ሲጽፍ እኛ ስለ ጠጃችን ምን ጻፍን? ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ያሉት አባቶቻችን መጠጥና ዕቃው መስማማት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። በጎጃም ከክረምት በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የአደይና የመጭ አበባ ማር አለ፤ በበልግ ወራት ደግሞ የብሳና ማር አለ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጠጅ አይወጣቸውም። ጋኑ በወይራ ሲታጠንና ሳይታጠን ጣዕሙ ይለያያል። ይህን የሚያውቁ እናቶች አንድ በአንድ እየሞቱብን ነው፤ በከተማው መሸታ ቤት ደግሞ በስኳርና በቀለም የተሠራው «ጠጅ» ተብሎ ይሸጣል። የሚጠጣው ሰው ስለማይለየው ሻጩ አያፍርም። የተማረ አሳላፊ ቢኖር ኖሮ ግን በመጀመሪያው ጕንጭ ያጋልጠው ነበር። እኔ የማልጠጣው ሰው ይህን ስል እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ውሸት በብርሌም ቢሆን ውሸት ነው።

ተማሪዬ ባለፈው ፋሲካ ወደ ቡሬ መጥቶ ነበር። አባቱ ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። ጎረቤት ያሉ አንዲት አሮጊት የጣሉትን ጠጅ በማሰሮ አምጥተው «የከተማ ሰው ሆነሃል፤ ይህን ትጠጣለህ?» ብለው ቀለዱበት። ልጁ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፤ አሸተተው፤ ጥቂት ቀምሶም በአፉ አዙሮ ቆየ። ሁላችንም ዝም አልን። «እማማ፣ ማሩ የብሳና ነው፤ ጋኑም በወይራ ታጥኗል። ጌሾው ግን ሳይወጣ ሰንብቷል፤ መረር ብሏል» አላቸው። አሮጊቲቱ ደነገጡ። «ሦስት ቀን አሳልፌዋለሁ፤ እኅቴ ታማብኝ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ነበርሁ» አሉ። አባትዮው እስከዚያ ድረስ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ውጭ ይመለከቱ ነበር። ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው ሳብ አደረጉና «እስቲ ከምን አወቅኸው? ለእኔም ንገረኝ» አሉት።